ካምፐር ተከራይታችሁ ወደ ፈረንሳይ ገጠር ከመውጣታችሁ በፊት

ባለፈው ነሐሴ ከፍራንክፈርት ተነስተን የፈረንሳይን ገጠር በካምፐር ዞርን። ካምፐር የምለው አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መጸዳጃ ያለውን የመኖሪያ መኪና ነው። የሄድነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጃችንና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ነን። ገና በመጀመሪያው ሌሊት ተዘረፍን። ባለቤቴ «በቃ እንመለስ» ብሎ ነበር። አልተመለስንም፤ ባለመመለሳችን ዛሬም ደስ ይለኛል።

ከመጣን ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። በተለይ እናት አባታቸውን ከአገር ቤት አምጥተው አውሮፓን ማሳየት የሚፈልጉ። ለእነሱ ነው የምጽፈው። እኛ የከፈልነውን ዋጋ እናንተ እንዳትከፍሉ።

ካምፐር የመረጥነው በእናቴ ምክንያት ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ በየሆቴሉ ደረጃ መውጣትና ሻንጣ መጎተት አትችልም። ደግሞ ጉዞው ፍልሰታ ላይ ወደቀ። እናቴ ደግሞ በጾም የማይታወቅ እጅ ያበሰለውን አትበላም። የራሳችን ምድጃ ካለ ሽሮው ይሠራል፣ ቡናው ይፈላል ብለን ወሰንን።

መጀመሪያ ስለ ኪራዩ። እኛ የወሰድነው ከሾፌሩ በላይ ተጨማሪ አልጋ ያለውን፣ አልኮቭ የሚሉትን ዓይነት ነው። ቁመቱ ከ3 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህች ትንሽ ብዙ አስወጣችን። በፈረንሳይ ፈጣን መንገዶች ላይ የሚከፈለው ገንዘብ የሚወሰነው በቁመት ነው። ከ2 ሜትር በላይ ሆኖ 3 ሜትር ያልሞላ፣ ክብደቱም ከ3,500 ኪሎ የማያልፍ መኪና ሁለተኛ መደብ ይከፍላል። 3 ሜትር የሞላው ሦስተኛ መደብ ውስጥ ይገባል፤ ልዩነቱ በየበሩ ይሰማችኋል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ዓይነት ከበቃችሁ እሱን ውሰዱ።

አልጋ ቆጥራችሁም አትከራዩ። ስድስት አልጋ ያለው መኪና ቀበቶ ያለው ወንበሩ አራት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰው የሚጫነው በቀበቶው ልክ ነው። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ በፈረንሳይ ሕግ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። በተለመደው የቢ መንጃ ፈቃድ መንዳት የሚቻለው እስከ 3,500 ኪሎ ነው። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የምትነዱ ካላችሁ፣ ጀርመን ነዋሪ ከሆናችሁ ከ6 ወር በኋላ እንደማይሠራ አትርሱ።

ውሉ ላይ አከራዩ «ሁለተኛ ሾፌር ይመዝገብ?» ሲለን ባለቤቴ አያስፈልግም ብሎ ነበር። ትንሽ ጭማሪ ከፍለን የእኔን ስም አስገባን። ባናስገባ ኖሮ ጉዞው በማግስቱ ያበቃ ነበር።

ክብደት ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። መኪናው ባዶውን ወደ 3,000 ኪሎ ይመዝናል። የቀረው ለአራት ሰው፣ ለጋዝ፣ ለውሃና ለዕቃ ነው። እናቴ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ በሶ፣ ጀበና ከነረከቦቱ አሰናድታለች። ልጃችን ብስክሌቱን ይዟል። ከመነሳታችን በፊት የመኪና ሚዛን ላይ አወጣነው፤ አልፏል። ብስክሌቱን፣ ተጣጣፊ ጠረጴዛውንና ግማሽ ልብሳችንን መለስን። ዋናው መፍትሔ ግን ውሃው ነበር። 100 ሊትር ውሃ ማለት 100 ኪሎ ነው። ሩብ ታንክ ይዛችሁ ውጡ፤ እዚያው ደርሳችሁ ትሞላላችሁ። ፖሊስ መንገድ ላይ ሊመዝናችሁ ይችላል። ከቅጣቱ በላይ ግን አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንስ ጋር የሚመጣው ጣጣ ያስፈራል።

የጋዝ ሲሊንደርንም ልብ በሉ። የጀርመኑ ሲሊንደር ፈረንሳይ ውስጥ አይቀየርም፣ ማሰሪያውም የተለየ ነው። ሁለት ሙሉ ሲሊንደር ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ሁለት ይዘን ሄደን ሁለተኛውን ሳንጨርስ ተመለስን።

አሁን ወደ ዘረፋው ልምጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ከፍራንክፈርት ወጣን። በዛርብሩከን፣ በሜትስ፣ በናንሲ አድርገን ወደ ደቡብ ወረድን። የነሐሴ ቅዳሜ ፈረንሳይ ውስጥ መንገድ የሚሞላበት ቀን ነው። ግማሹ አገር ለእረፍት ይወጣል፣ ግማሹ ይመለሳል። ቢዞን ፉቴ የሚባል የመንግሥት የትራፊክ ትንበያ አለ፤ ቀኖቹን በአረንጓዴ፣ በብርቱካንማ፣ በቀይና በጥቁር ይለያል። ቀይና ጥቁር በሆነ ቀን አትውጡ። እኛ አላየነውም። ዲዦንን አልፈን ትንሽ እንደሄድን እኩለ ሌሊት አለፈ። ባለቤቴ ዓይኑ ይከደን ጀመር። ፈጣኑ መንገድ ዳር ካለ ማረፊያ ገብተን ከከባድ መኪናዎች አጠገብ ቆምን፤ ወዲያው ተኛን።

ጠዋት የሾፌሩ በር ቁልፍ ተሰብሯል። ፊት ወንበር ላይ የነበረው የባለቤቴ ቦርሳ የለም። ውስጡ መንጃ ፈቃዱ፣ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የባንክ ካርዶቹና ጥሬ ገንዘብ ነበር። እኛ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተኝተን ማንም አልሰማም። እናቴ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስለ ገንዘቡ አልነበረም፤ ሌባው ከልጅ ልጇ ራስ አጠገብ ቆሞ እንደነበር ስታስብ ነው።

ይህን በትልቁ ያዙልኝ፦ ፈጣን መንገድ ዳር ባለ ማረፊያ አትደሩ። ለቡናና ለመጸዳጃ ቁሙ እንጂ አትተኙ። ከዚያ በኋላ ያገኘናቸው የካምፐር ሰዎች ሁሉ የነገሩን ይህንኑ ነው። ከፈጣኑ መንገድ ወጥታችሁ አሥር ደቂቃ ብትነዱ ጸጥ ያለ መንደር አለ። እዚያ የሚያሰጋ ነገር እምብዛም የለም።

ከተዘረፋችሁ የምታደርጉት ይህ ነው። ወደ 17 ወይም ወደ 112 ደውሉ። ገጠር ላይ የምትፈልጉት ዣንዳርም የሚባሉትን የገጠር ፖሊሶች ነው። እሁድ ስለነበር የጣቢያው በር ተዘግቶ አገኘነው፤ ግን በሩ ላይ የደወል ቁልፍ አለ። ተጭናችሁ ስትናገሩ ሌላ ቦታ ያለ ተረኛ ይመልስላችኋል። መጥተው ቃላችንን ተቀበሉ፣ የተፈረመበት ወረቀትም ሰጡን። ያቺ ወረቀት ወርቅ ናት። ያለሷ ኢንሹራንሱም፣ የውጭ ዜጎች ቢሮም አያናግራችሁም። የጀርመን ባንክ ካርድ ለማዘጋት በ+49 116 116 ይደወላል፤ ሌሊትም ይሠራል።

ከሁሉ ያተረፈን የባለቤቴ ፓስፖርት ሌላ ቦታ መቀመጡ ነው። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡ። ሁለቱንም ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩ። የኛ ፓስፖርት ውጭ አገር ሲጠፋ ነገሩ ረጅም ነው፤ ፓሪስ ኤምባሲ ድረስ ያስኬዳል። እናቴ የእሷን ፓስፖርት ከነቪዛው በነጠላ ጠቅልላ ከትራሷ ሥር ነበር ያደረገችው። ማንም አላስተማራትም።

ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ ስለሌለው መሪው ወደ እኔ መጣ። ከትንሽ የቤት መኪና ሌላ ነድቼ አላውቅም። ባዶ የገበያ አዳራሽ ማቆሚያ ፈልገን ለአንድ ሰዓት ያህል ተለማመድኩ። መዞር፣ በሪቨርስ መመለስ፣ ስፖኪዮን ማየት። ይህን ልምምድ ማንም ሰው ከመነሳቱ በፊት ቢያደርገው ደስ ይለኛል። የመኪናው ጭራ ከኋላ ጎማው በጣም ስለሚረዝም፣ ወደ ቀኝ ስትጠመዝዙ ኋላው ወደ ግራ ይወረወራል። ግድግዳና ምሰሶ የሚጋጨው እንዲህ ነው።

ፈጣኑን መንገድ ስለፈራሁት በትንንሾቹ መንገዶች እንሂድ አልኩ። ጉዞው የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሁለት መስመሩ ጠባብ መንገድ ላይ ፍጥነቱ በአብዛኛው 80 ነው። የሚያጣድፍ የለም። ከኋላችሁ መኪና ሲበዛ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆም ብላችሁ አሳልፉ። የመንደሩ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ጋ ስትደርሱ ሌላ ምልክት ባይኖርም ፍጥነቱ 50 ነው። ቢጫ አልማዝ ምልክት ካላያችሁ ደግሞ ከቀኝ የሚመጣ ቅድሚያ አለው፤ ከትንሽ ጓሮ መንገድ ቢወጣም። ይህን የማያውቅ ሰው መንደር ውስጥ ይገጫል።

በቡርጎኝ ነጭ ላሞች የሚሰማሩበት ሜዳ አለ። በዚያ አልፈን ወደ ኦቨርኝ ተራሮች ወጣን። ቢላዋ የሚሠራባትን ቲየርን፣ ከዚያ አምቤርን፣ ከዚያ በጫካ መሃል ትልቅ ገዳም ያላትን ላ ሼዝ-ዲዩን አለፍን። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ያልፋል። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ታች ሜዳው ላይ ሙቀቱ መኪናውን ምድጃ አድርጎት ነበር። እናቴ መስኮቱን ከፍታ «ይኼ የአዲስ አበባ አየር ነው» አለች። በነሐሴ ከሽማግሌ ወይም ከልጅ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ከፍታው ሂዱ።

የት እናድራለን የሚለው ጥያቄ ፈረንሳይ ውስጥ ቀላል መልስ አለው፤ እኛ ግን ከተዘረፍን በኋላ ነው ያወቅነው። ብዙ መንደር ለካምፐር የተሠራ ማረፊያ አለው። ኤር ደ ካምፒንግ-ካር ይሉታል። አንዳንዱ ነጻ ነው፤ ሌላው ጥቂት ዩሮ ያስከፍላል። ንጹህ ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ፣ የታጠበበት ውሃ የሚፈስበት ጉድጓድና የመጸዳጃ ሳጥን የሚደፋበት ቦታ አለው። አንዳንድ ቦታ ቧንቧው የሚሠራው ዤቶን በሚሉት ሳንቲም መሳይ ነገር ነው፤ ዤቶኑን ከዳቦ ቤት ወይም ከማዘጋጃ ቤት ትገዛላችሁ። ማረፊያዎቹን ፓርክፎርናይት የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ ታገኛላችሁ፤ የቀደሙ ሰዎች አስተያየትም አለበት። ሌላም አለ፤ ፍራንስ ፓሲዮን ይባላል። ዓመታዊ መመሪያውን የገዛ ሰው ከሁለት ሺህ በላይ ገበሬዎችና ወይን አምራቾች ግቢ ውስጥ በነጻ ለ24 ሰዓት ማደር ይችላል። መጸዳጃችሁ መኪናው ውስጥ መሆን አለበት፤ ሳይመሽም መድረስ አለባችሁ።

በኋላ ያወጣነው ደንብ አንድ ነው፦ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቆመናል። ቦታው ቢሞላ ሌላ ለመፈለግ ብርሃን አለ። ሰፈሩን አይቶ ለመወሰን ጊዜ አለ። ልጁም ይጫወታል። የተዘረፍነው ከሁሉ በላይ መሽቶብን ስለነበር ነው።

ስለ መጸዳጃው ሳጥን በግልጽ ልንገራችሁ፤ ሰው ያፍርና ሳይጠይቅ ይቀራል። በየሁለት ቀኑ ድፉት፤ እስኪሞላ አትጠብቁ። የሚደፋው ለእሱ በተሠራው ቦታ ብቻ ነው፤ ጫካም፣ የመንገድ ጉድጓድም አይደለም። አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ስንደነጋገር አይቶ ራሱ መጥቶ አሳየን። የመጠጥ ውሃው ቧንቧ አፍ ሌላው ሰው ሳጥኑን ያጠበበት ሊሆን ስለሚችል፣ ከመቅዳታችሁ በፊት አፉን በደንብ አጥባችሁ የራሳችሁን ጎማ አስገቡ ብሎ መከረን። «ኖን ፖታብል» የተጻፈበት ውሃ አይጠጣም።

ሌላው ደንብ ከኛ ቡና ጋር የተያያዘ ነው። ካምፐር እንደማንኛውም መኪና ባልተከለከለበት ቦታ መቆም ይችላል፤ ውስጡም ይተኛል። ወንበርና ጠረጴዛ አውጥታችሁ ከመኪናው ጎን የጥላ መጋረጃውን ስትዘረጉ ግን ሰፈር አድርጋችኋል ይባላል፤ ያ የሚፈቀደው ካምፕ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ማታ ቡና ስናስብ መንደሮቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን ርካሽ ካምፕ እንመርጥ ነበር። እዚያ ረከቦቱ ወጣ፣ ፈንዲሻው ተነሰነሰ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ።

ከሰል ግን ከቤት አታውጡ። በበጋ ደቡብ ፈረንሳይ ላይ በደን እሳት ምክንያት ሜዳ ላይ እሳት ማንደድ በብዙ ቦታ ክልክል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሰል መኪና ውስጥ አስገብታችሁ አትሥሩ፤ ዕጣን ለማጨስ ለአፍታም ቢሆን። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ስንቱን ቤተሰብ እንደጨረሰ ሁላችንም ሰምተናል። ካምፐር ከዚያ ቤት ያነሰ ነው። ጀበናው በጋዝ ምድጃ ላይ በደንብ ይፈላል፤ መስኮቱ ይከፈት።

ምግቡን ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። መጀመሪያ የያዝነው እንጀራ በሙቀቱ በሦስተኛው ቀን ሻገተ። ፍሪጁ መኪናው ዘመም ብሎ ሲቆም በደንብ አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ መኪናውን ማስተካከያ ሽብልቅ ጎማው ሥር አስገቡ። ያዳነን ድርቆሽ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ አንድ ከረጢት ይዛ መጥታለች። ክብደት የለውም፣ አይበላሽም፣ ሽሮ ላይ ሲነከር ሰውን ያጠግባል። በሶም እንደዚሁ። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ካላችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ድርቆሽና በሶ አስመጡ።

የፈረንሳይ ገጠር ለጾመኛ ከባድ ነው ይባላል። ምግብ ቤት ከገባችሁ እውነት ነው፤ ሁሉ ነገር አይብና ቅቤ ነው። ገበያ ከወጣችሁ ግን ጾም እንደ ግብዣ ይሆናል። ኮክ፣ ቲማቲም፣ ባቄላ፣ ዋልነት። ባጌት ደ ትራዲሲዮን የሚባለው ዳቦ በ1993 በወጣ ደንብ የሚሠራው በመሠረቱ ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ ነው። ቅቤም ወተትም የለበትም። ክሯሳንና ብሪዮሽ ግን ይቅሩባችሁ። ልጃችንም ከአያቱ ጋር ጾመ፤ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት የሚላከው እሱ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰላምታውንና ማመስገኑን በፈረንሳይኛ ያቀላጥፈው ነበር። «ቦንዡር» ሳይሉ ጥያቄ መጀመር እዚያ እንደ ነውር ነው። ሰላም ብሎ የሚገባ ሰውን ሁሉ ይረዱታል።

ሰዓታቸውን ግን እወቁ። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ገጠሩ ይዘጋል። እሁድ ጠዋት ዳቦ ቤት ይከፈታል፤ ከሰዓት ምንም የለም። ሰኞ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሦስት ቀን አስቤዛ ግዙ። ናፍጣ ከፈጣኑ መንገድ ይልቅ ከትልልቅ ገበያ አዳራሾች ማደያ ይረክሳል። ካርድ አስገብታችሁ ራሳችሁ ስትቀዱ ማሽኑ መጀመሪያ ከመቶ ዩሮ በላይ ይይዛል፤ ከቀናት በኋላ ይለቀዋል። ሒሳባችሁ ላይ ትርፍ ይኑር። ናፍጣው «ጋዞል» ተብሎ ይጻፋል፤ ጋዞሊን መስሎት ያለፈው ወይም ያደናገረው ብዙ ነው። አራት ማዕዘን ውስጥ ቢ7 ካያችሁ ናፍጣ ነው፤ ክብ ውስጥ ያለው ቤንዚን ነው። ወደ ማቆሚያ ከመግባታችሁም በፊት ቀና በሉ፤ ብዙዎቹ መግቢያ ላይ 2 ሜትር ገደማ የሆነ የብረት አግዳሚ አላቸው። የመኪናችሁን ቁመትና ስፋት በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ።

ለ ፕዊ-አን-ቨሌ የምትባል ከተማ የደረስነው ከነሐሴ 9 በፊት ነው። ይህ ቀን በእነሱ ኦገስት 15 ነው፤ ካቶሊኮች የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩበት። ካቴድራሉ ውስጥ ዋናው መንበር ላይ ጥቁር የእመቤታችን ሐውልት አለ። የቀድሞው በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1794፣ ተቃጥሏል፤ አሁን ያለው የተተካው ነው። በበዓሉ ቀን ሐውልቱን ተሸክመው ከተማዋን ይዞራሉ። ከተማው በዚያ ቀን ስለሚጨናነቅ መኪናውን ከዋዜማው ራቅ አድርገን አቁመን በእግር ገባን።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሰልፉ ዳር ቆመች። ፊታቸው እንደኛ የጠቆረ ምስል በሺህ የሚቆጠሩ ፈረንሳዮች እየዘመሩ ሲከተሉት አየች። በሕይወቷ ያልጠበቀችውን ነው ያየችው። አንዲት መነኩሲት መጥታ እጇን ይዛ አብራ አስኬደቻት። ቋንቋ አልተግባቡም። እናቴ በአማርኛ ውዳሴ ማርያም ስትደግም መነኩሲቷ በራሷ ትዘምር ነበር። ለእናቴ አውሮፓ ማለት ያ ከሰዓት ነው። ኢየሩሳሌም የሄደችበትን ጊዜ ካልሆነ በቀር እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ከተማዋ መሃል ካለው አለት ላይ ደግሞ 16 ሜትር የሆነ ቀይ የእመቤታችን ሐውልት ቆሟል። በ1860 የተመረቀ ነው። የተሠራው ፈረንሳዮች ሴባስቶፖል ላይ ከሩሲያ ከማረኳቸው 213 መድፎች ብረት ነው። ይህን ስነግረው ልጄ «የአጼ ቴዎድሮስ መድፍ ስም!» ብሎ ጮኸ። ጀርመን ተወልዶ ያደገ ልጅ ሴባስቶፖልን በመቅደላ በኩል ማወቁ አኮራኝ። ወደ ቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት የወጡት እሱና አባቱ ናቸው፤ ከ80 ሜትር በላይ በሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጫፍ ላይ ነው ያለው፣ 268 ደረጃ አለው። ጉልበቱ ደህና ያልሆነ ሰው ከታች ይጠብቅ፤ ከታችም ያምራል።

ለ ፕዊ በአረንጓዴ ምስሯ ትታወቃለች። ስሙ ከ1996 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። እናቴ ከገበያ ገዝታ በመዳፏ ስታገላብጠው ቆየችና «ይኼ ለአዚፋ ነው» አለች። ሲቀቀል አይፈርስም። ሰናፍጩን ከዲዦን ሰናፍጭ፣ ቃሪያውን ከገበያ፣ ሎሚውን ከሱቅ አገኘን። ድስቱን ሙሉ ሠርታ ለጎረቤት ካምፐሮች በሳህን አዞረች። የሰፈሩ ምስር በእንዲህ ያለ መንገድ ሲበላ እንደማያውቁ ነገሩን። አንዲቱ አሠራሩን ጽፋ ወሰደች።

ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ታርን ገደል ወረድን። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ክፉ ቀን የገጠመን። ስልካችን መንገድ የሚመራን እንደ ትንሽ መኪና ነበር። ያቋርጣል ብሎ ከዋናው መንገድ አውጥቶ ደጋው ላይ ያለች ጠባብ መንገድ ውስጥ ከተተን። በአንድ በኩል ግንብ፣ በሌላው ገደል። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ይገባዋል፤ ልዩነቱ እዚህ መሪውን የያዝኩት እኔ መሆኔ ነው። ከፊት መኪና መጣ። መመለስ ነበረብኝ። ባለቤቴ ወርዶ ከኋላ ሆኖ በእጁ እየመራኝ፣ እናቴ የእግዚአብሔርን ስም እየጠራች፣ ወደ ሰፊው ቦታ ተመለስኩ። አንዲት የፖስታ መኪና ሾፌር ከኋላ የሚመጡትን አስቁማ መንገዱን ጠበቀችልን።

ከዚያ በኋላ የወረቀት ካርታ ገዛን። የሚሽለን ካርታ ላይ ቀይና ቢጫ መንገዶች ለካምፐር በአብዛኛው ይመቻሉ፤ ነጮቹን ተዉአቸው። ዳሩ አረንጓዴ የተቀባው የሚያምር እይታ ያለው ነው። ከስልክ ይልቅ ይህን እየተከተላችሁ፣ ስልኩን የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ለማግኘት ተጠቀሙበት። ወይም ቁመትና ስፋት የሚቀበል የካምፐር መሪ መተግበሪያ ግዙ። በገደሉ ውስጥ ያለው መንገድ ላይ ድንጋዩ ከላይ ወደ መንገዱ የተንጋደደባቸው ቦታዎች አሉ። ጣሪያው ከፍ ያለ መኪና ዳሩን ከያዘ ይላጫል፤ ከፊት የሚመጣ እንደሌለ አይታችሁ ወደ መሃል ጠጋ በሉ። ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ አትውረዱ። ገና ከላይ ከባድ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ይያዘው። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ቁሙና ይቀዝቅዝ። ከቀኑ 4 ሰዓት በፊት ብትገቡ ደግሞ መንገዱ ባዶ ነው፤ ከዚያ በኋላ ታንኳ የጫኑ መኪናዎች ይሞሉታል።

የተመለስነው በሚሎ በኩል በኤ75 ነው። ከግዙፉ ድልድይ በስተቀር ይህ ፈጣን መንገድ እስከ ክሌርሞን-ፌራን ድረስ አይከፈልበትም። ድልድዩን ከታች ሆነን አይተን ከእሱ በስተሰሜን ገባን። የጀርመን ድንበር ላይ ፖሊሶች አስቆሙን። ባለቤቴ ፓስፖርቱን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ፎቶና የዣንዳርሙን ወረቀት አሳየ። አይተው አሳለፉን።

አከራዩ ጋ ስትመለሱ ሁለቱ የቆሻሻ ታንኮች ባዶ፣ ውስጡ የተጠረገ ይሁን፤ አለዚያ ከተቀማጩ ይቆርጣሉ። ስትረከቡ እያንዳንዱን ጭረት፣ ጣሪያውን ጭምር፣ በቪዲዮ ቅረጹ። የተሰበረው ቁልፍ የራስ ድርሻ የሚባለውን የኢንሹራንስ ክፍያ አስከፍሎናል። ይህን ድርሻ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ተጨማሪ ኢንሹራንስ አለ፤ እኛ ትርፍ ወጪ መስሎን ያለፍነው እሱን ነው። ግዙት።

ጾም ወይም ትምህርት ቤት ካላሰራችሁ መስከረም ይሻላል። የፈረንሳይ ልጆች ትምህርት ይገባሉ፣ ማረፊያዎቹ ይለቃሉ፣ የኪራዩም ዋጋ ይወርዳል። እናቴ በሚቀጥለው ዓመት ትመለሳለች። ያን ጊዜ ወደ ብሪታኒ ለመሄድ አስበናል፤ እዚያ ሰፋፊዎቹ መንገዶች ላይ ክፍያ የለም። ሚዛኑንና ሁለተኛውን ሾፌር ከአሁኑ ይዘናል፤ ድርቆሹን እሷ ታመጣለች።